የጣና ዙሪያ የውሃ ልኬትና የጎርፍ ማስጠንቀቂያ

የጣና ዙሪያ የጎርፍ ክትትል በባሕር ዳር፣ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደምብያ የሚኖረውን ሕዝብ ከወንዝ ሙላት ለመጠበቅ የተዘረጋ የልኬት፣ የትንበያና የመልእክት ሥራ ነው። በወንዝ ወደ ሐይቁ ከሚገባው ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ያመጡታል፤ የተፈጥሮ መውጫው ግን ዓባይ ብቻ ነው።

እንግሊዞች በ1913 ዓ.ም የላኩት ቡድን ሐይቁን አጥንቷል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ አሜሪካውያን መሐንዲሶች የዓባይን ተፋሰስ ሲያጠኑ፣ የመለኪያ ጣቢያዎቹ ተስፋፉ። ከዚያ ወዲህ በባሕር ዳር የተያዘው የሐይቅ ከፍታ መዝገብ በሀገሪቱ ካሉት ረጃጅም የውሃ መዝገቦች አንዱ ነው፤ ያለ ማጋነን ትልቅ ሀብት ነው።

የሥራው መሠረት ጌጅ ነው። በሴንቲ ሜትር የተከፋፈለ የብረት ሰሌዳ ሲሆን፣ አንድ አንድ ሜትር የሚሆኑት ሰሌዳዎች ከወንዙ ወለል ጀምሮ እስከ ዳሩ ድረስ ደረጃ በደረጃ ይተከላሉ። አንባቢው አብዛኛውን ጊዜ የአካባቢው ነዋሪ ነው። ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ውሃው የደረሰበትን ቁጥር በመዝገቡ ያሰፍራል። ውሃው የሚናወጥ ከሆነ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን አይቶ መካከለኛውን ይይዛል። ከፍታው በሴኮንድ ስንት ሜትር ኩብ ውሃ እንደሆነ የሚታወቀው ባለሙያዎች ወንዙን ደጋግመው ለክተው ባዘጋጁት ሰንጠረዥ ነው።

ችግሩ ሙላቱ የሚመጣበት ሰዓት ነው። በክረምት ተራሮቹ ላይ የሚዘንበው በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ሐይቁና ዳርቻው ላይ ደግሞ ሌሊት ነው። ከጉና ተራራ የወረደው ውሃ ፎገራ ሜዳ የሚደርሰው ሰው በተኛበት ነው፤ ማታ የተነበበው ጌጅ አያውቀውም፣ ጠዋት ሲነበብ ደግሞ ውሃው ጎድሎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወንዙ መጨመር ከጀመረ በየሰዓቱ ማንበብ ያስፈልጋል። ይህ ካልተቻለ በማግስቱ በድልድዩ ምሰሶና በዛፎች ላይ የቀረውን የጭቃ መስመር ዝናብ ሳያጥበው ምልክት አድርጎ መለካት ይገባል።

ሌላው ጠላት ደለል ነው። የርብ የታችኛው ክፍል ወለሉ በደለል ከፍ ብሏል፤ በዳሩ የተሠራው የአፈር ክትርም ውሃውን አጥብቦ ደለሉን እዚያው አስቀርቶታል። በዚህ የተነሳ ዛሬ ጌጁ ላይ የሚነበበው 3 ሜትር የድሮውን ያህል ውሃ አይደለም፣ ሰንጠረዡም በየጊዜው መታደስ አለበት። ጉማራ ላይ ደግሞ ውሃው ከዳር አልፎ ሜዳውን ሲይዝ ጌጁ ባለበት ይቆማል። አንባቢው «መጨመር አቁሟል» ብሎ ቢደውል በታችኛው ቀበሌ ያለው ሰው ይዘናጋል።

በነሐሴ 1998 ዓ.ም በፎገራና በሊቦ ከምከም የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሺህ ሰው አፈናቅሏል። ከዚያ በኋላ በጣና በለስ ፕሮጀክት አማካይነት ዘመናዊ መሣሪያ መጣ፤ ከሐይቁ በስተምዕራብ ባለችው በሻውራም የአየር ሁኔታ ራዳር ተተከለ። ራዳር ዝናቡን ከሩቅ ያያል፣ መጠኑ ግን በመሬት መለኪያ ካልተስተካከለ አያስተማምንም። ራሱን ችሎ የሚመዘግበው የዝናብ መለኪያ ውስጥ ያለችው ትንሽ ማንኪያ በአብዛኛው በየ0.2 ሚሊ ሜትሩ ትገለበጣለች፤ ማጥለያው በቅጠል ወይም በነፍሳት ከተደፈነ በከባድ ዝናብ ዜሮ ይልካል። ውሃ ውስጥ የሚቀመጠውን የግፊት መለኪያም ደለል ይቀብረዋል። ስለዚህ አንባቢውን ማሰናበት ስህተት ነው።

ትንበያው ከሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትና የምሥራቅ ናይል አገሮች የጋራ ተቋም ከሆነው ከምሥራቅ ናይል ቴክኒክ ቢሮ ይወጣል፤ የቢሮው የጎርፍ መግለጫ ከሰኔ እስከ መስከረም ፎገራንና ደምብያን ይሸፍናል። መረጃው በወረዳ በኩል ቀበሌ ሲደርስ በስልክ፣ በድምፅ ማጉያና ከቅዳሴ በኋላ ይነገራል። «ከመደበኛ በላይ ዝናብ» የሚለው ቃል ለገበሬው ብዙም አይጠቅመውም። በፎገራ ቀበሌዎች፣ በናበጋ ወይም በዋገጠራ፣ ያለ ሰው ማወቅ የሚፈልገው ውሃው ድልድዩ ላይ የት ሲደርስ እሱ ደጅ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ነው፤ ከብቱን ወደ ከፍታ የሚነዳው፣ እህሉን ቆጥ ላይ የሚሰቅለው በዚያ ነው። ደግሞም ፎገራ የሩዝ አገር ነው፤ ልከኛ ሙላት ለሩዙ በረከት ስለሆነ ለእያንዳንዱ ሙላት «ሽሹ» ከተባለ የሚሰማ አይኖርም።

ሐይቁ ራሱ የሚሞላው ቀስ ብሎ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም መጨረሻ በአንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ይላል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጭራ ጭራ ላይ ያለው የውሃ መቆጣጠሪያ ግድብ በ1988 ዓ.ም በሁለት በሮች ሥራ ጀመረ፣ በ1993 ዓ.ም አምስት ተጨመሩለት። ዓላማው ሐይቁን ከባሕር ጠለል በላይ በ1784 እና በ1787 ሜትር መካከል መያዝ ነው። በ1995 ዓ.ም ከፍታው ከ1785 በታች ወርዶ መርከቦች ለአራት ወር ያህል ቆመዋል። ገሚሱ ድርቁን፣ ገሚሱ ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀውን ውሃ ተጠያቂ ያደርጋል፤ ሁለቱም ድርሻ እንደነበራቸው የሚያሳየው ጥናት የበለጠ ያሳምናል። በክረምት ዳርቻው ሲዋጥ በሮቹ ምን ያህል እንደሚያባብሱት ግን ዛሬም ያከራክራል። የሐይቁን ጌጅ በጠዋት፣ ንፋስ ሳይነሳ ማንበብ ይመረጣል፤ እምቦጭ የከበበው እንደሆነ መጀመሪያ መጥረግ ያስፈልጋል።