ፕሮግራሙ አለቀ፤ ፋይሉስ ተዘጋ? ስለ ቱርቦ ፓስካል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የሚገኝ አንድ መጋዘን የገባለትን ሽንኩርት ዶስ በተባለው የቀድሞ የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ላይ በሚሠራ የቱርቦ ፓስካል ፕሮግራም ይመዘግባል እንበል። ቱርቦ ፓስካል በፓስካል ቋንቋ ፕሮግራም መሥሪያ ነው፤ ቦርላንድ የተባለው ኩባንያ ያወጣው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው፤ እንዲህ ያለ አሮጌ ፕሮግራም የሚረከብ ወጣት ከታች ያሉትን ሳያጣራ ኮዱን ባይነካ እመርጣለሁ።

«ፕሮግራሙ ሲያልቅ ፋይሉ በራሱ ይዘጋል።»
ግማሹ እውነት ስለሆነ ብዙዎችን ያሳስታል። ዶስ የከፈተውን ፋይል በእርግጥ ይዘጋል። ነገር ግን ቱርቦ ፓስካል ወደ ጽሑፍ ፋይል የምንጽፈውን ወዲያው ለዶስ አያስረክብም፤ 128 ባይት በሚይዝ ባፈር (በማህደረ ትውስታ ውስጥ ባለ ጊዜያዊ ማቆያ) ያጠራቅምና ሲሞላ ብቻ ይለቅቃል። ትራፊውን የሚያስረክበው ፋይል የሚዘጋው «ክሎዝ» (Close) የተባለው ትእዛዝ ነው። ስለዚህ የዕለቱ ምዝገባ 300 ባይት ከሆነና ክሎዝ ከተረሳ፣ ዲስኩ ላይ የሚገኘው 256 ብቻ ነው፤ የመጨረሻው መስመር «ሽንኩርት 18 ጆን» ላይ ተቆርጦ ይቀራል። ምዝገባው 128 ባይት ካልሞላማ ፋይሉ ባዶ ነው። የፋይሉ መጠን ለ128 ያለ ቀሪ ሲካፈል ካያችሁ በቅድሚያ የተረሳ ክሎዝ ፈልጉ።

«ሃልት ሁሉንም አጽድቶ ይወጣል።»
አያጸዳም። ሃልት (Halt) ፕሮግራሙን የሚያስቆም ትእዛዝ ነው፤ የእናንተን ባፈር እንዳለ ትቶት ይወጣል። መፍትሔው ፋይሉን የሚዘጋውን ንዑስ ፕሮግራም ኤግዚትፕሮክ (ExitProc) በተባለው፣ በመውጫ ጊዜ የሚጠራውን ንዑስ ፕሮግራም አድራሻ በሚይዘው ተለዋዋጭ ማስመዝገብ ነው፤ ፕሮግራሙ በሃልትም በስሕተትም ቢቆም ይጠራል። በኤግዚትፕሮክ የነበረውን የቀድሞውን አድራሻ አስቀምጦ መመለስ ግን ግዴታ ነው።

«ፍላሽ ካለ ክሎዝ አያስፈልግም።»
መብራት ድንገት በሚጠፋበት ቦታ ይህ እምነት ሒሳብ ያስጠፋል። ፍላሽ (Flush) የተባለው ትእዛዝ ፋይሉን ሳይዘጋ ባፈሩን ለዶስ ያስረክባል፤ ዶስ ግን አዲሱን የፋይል መጠን በማውጫው ላይ የሚያሰፍረው ፋይሉ ሲዘጋ ነው። መብራት በመሃል ከሄደ፣ አዲስ የተፈጠረው ፋይል ዜሮ ባይት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ለገንዘብና ለዕቃ መዝገብ፣ ቢዘገይም፣ በእያንዳንዱ ምዝገባ መጨረሻ ዘግቶ፣ ከነበረው ቀጥሎ በሚያስጽፈው «አፔንድ» (Append) መክፈት ይሻላል። በ«ሪራይት» ከከፈታችሁት ግን የነበረው ሁሉ ይጠፋል።

«የተዘጋን ፋይል እንደገና መዝጋት ጉዳት የለውም።»
ያልተከፈተ ፋይል ለመዝጋት መሞከር 103 ቁጥር ስሕተት ያስከትላል፤ የስሕተት ፍተሻው እንደበራ ከሆነ ፕሮግራሙ እዚያው ይቆማል። ፋይሉ መከፈቱን የሚይዝ አንድ ቡሊያን (እውነት ወይም ሐሰት ብቻ የሚይዝ) ተለዋዋጭ ከመዝጊያው በፊት መፈተሽ ይበቃል።