«ያ አበቲ» እና «ያ ቡነየ»

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

የዘንድሮው አረፋ በዋለ ማግስት ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ለዚያራ በገባሁበት ቤት ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ልቤን ይከነክነዋል። ቡናው ቶና ላይ ደርሶ አባወራው እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ሲያደርጉ፣ ለበዓሉ ከአዲስ አበባ የመጣው ልጃቸው «ይሄ ከሱና (ከነቢዩ ፈለግ) አይደለም» ብሎ በእንግዳ ፊት አቋረጣቸው። አዛውንቱ ምንም ሳይመልሱ የተዘረጉ እጆቻቸውን ቀስ አድርገው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። የማስረጃውን ነገር ለዑለሞች እተዋለሁ፤ እኔን ያሳዘነኝ አነጋገሩ ነው።

ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ጣዖት ያመልክ የነበረውን አባቱን ሲመክር በሱረቱ መርየም ከአንቀጽ 42 እስከ 45 ድረስ አራት ጊዜ «ያ አበቲ»፣ አባቴ ሆይ፣ እያለ ነው የጠራው፤ አባቱ «እወግርሃለሁ» ባለው ጊዜም «ሰላም በአንተ ላይ ይሁን፤ ጌታዬን ምሕረት እለምንልሃለሁ» ብሎ መለሰ። በሽርክ (በአላህ ላይ በማጋራት) ላይ ላለ አባት እንዲህ ከተባለ፣ ለልጁ ዱዓ ሲያደርግ ለተገኘ ሰጋጅ አባት ምን ዓይነት ቃል ይገባው ነበር?

አባቶቼ ሆይ፣ እናንተም ስሙኝ። ከሁሉ አብልጬ የምወደው አንቀጽ የሱረቱ ሷፋት 102ኛው ነው። የነቢያት ሕልም ወሕይ (ከአላህ የሚወርድ ራእይ) ነውና ኢብራሂም ልጁን እንዲያርድ በሕልሙ የታዘዘው ትእዛዝ ለምክክር የሚቀርብ አልነበረም፤ ሆኖም «ያ ቡነየ»፣ ልጄ ሆይ፣ ብሎ በፍቅር ጠርቶ «እስኪ ተመልከት፤ ምን ታያለህ?» ሲል ጠየቀው። «አባቴ ሆይ፣ የታዘዝከውን ሥራ» የሚለው መልስ የመጣው ከዚህ ጥያቄ በኋላ ነው። እኛ ግን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውላ የምትገባውን ልጃችንን ደመወዟን እየተቀበልን፣ ስለ ትዳሯ ሳንጠይቃት ለሽማግሌ ቃል እንሰጣለን፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልጃገረድ ፈቃዷ ሳይጠየቅ እንዳትዳር ማዘዛቸውን እያወቅን! ከዚያ እምቢ ስትል «የዘንድሮ ልጅ አይታዘዝም» እንላለን። ጠይቀናት እናውቃለን ወይ?

አንተም ወንድሜ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰህ፣ ያን ቀን በረካው ሳይጠጣ መበተናችንን ታስታውሳለህ። አባትህ ዱዓቸውን አልጨረሱም። ዛሬውኑ ደውልና «አባዬ፣ አስቀይሜዎታለሁ፤ አውፍ ይበሉኝ፣ ዱዓ ያድርጉልኝ» በላቸው።