ኢንተርኔትና የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ተጠያቂነት በሐዋሳ

ሐዋሳ ውስጥ አንድ ድርጅት ለተቸገሩ ልጆች ደብተር ሲያድል መጀመሪያ የሚሰቀለው ባነር ነው። ልጆቹ ፊት ለፊቱ ይደረደራሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ፎቶው ሪፖርት ላይ ተለጥፎ ለለጋሹ ይላካል። ድሮ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። አሁን ያው ፎቶ የዚያኑ ዕለት ማታ ፌስቡክ ላይ ይወጣል። የልጁ ጎረቤትም ያየዋል። «ቦርሳም ሰጠን ትላላችሁ፤ ታዲያ ቦርሳው የታለ?» ብሎ ኮሜንት የሚጽፈው እሱ ነው።

የአንድ ድርጅት ተጠያቂነት ማለት በሰው ስም ያገኘውን ገንዘብ ምን ላይ እንዳዋለው መልስ መስጠት ነው። መልሱ ለማን ይሰጣል የሚለው ላይ ነው ጣጣው። ስለ በጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት በ2001 የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ትኩረቱ ቁጥጥር ነበር፤ በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦ ብዙዎቹን አሽመድምዷል። በ2011 አዋጅ ቁጥር 1113 ሲተካው ገደቡ ተነሳ። የአስተዳደር ወጪ ግን ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ ማለፍ የለበትም፤ የሥራና የኦዲት ሪፖርትም በየዓመቱ ይቀርባል። ሁለቱም አዋጆች ውስጥ ሪፖርቱ በዋናነት ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ወደ ተቆጣጣሪውና ወደ ለጋሹ።

ኢንተርኔት ይህን መስመር ወደ ጎን አስፍቶታል። ሰፈርተኛው ሳይጠራ ገብቶ ይጠይቃል። ችግሩ፣ የብዙ ድርጅቶች ድረ ገጽ የሚጻፈው ለለጋሹ ነው፤ ያውም በእንግሊዝኛ። አሞራ ገደል፣ የሐዋሳው ዓሣ ገበያ፣ ዓሣ የምትሸጥ እናት ድረ ገጹን ብትከፍተው እንኳ ስሟ የተነሳበትን «የሴቶች ማብቃት ፕሮጀክት» ልታነበው አትችልም። ሲዳምኛ የሚጽፍ ቢኖር ግማሹ መንገድ ያልቅ ነበር።

ፌስቡክ ላይ የሚደረገው ሁሉ ጥያቄ ነው ማለት ግን አይደለም። ሐሜትም አለ። «እነሱ እኮ ፕሮጀክት ነው የሚበሉት» የሚል አንድ ፖስት ሁለት መቶ ጊዜ ሼር ሲደረግ፣ ደረሰኙን ይዞ ለማስረዳት የሚሞክረውን የሒሳብ ሠራተኛ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። የልጆቹ ፊትም አለ። ችግረኛ ተብሎ ፎቶው የተለጠፈ ልጅ ነገ ትምህርት ቤት ምን ተብሎ እንደሚጠራ የሚያስብ ጥቂት ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ የወጣው ገና በ2016 ነው፤ ባነሩ ግን ዛሬም ይሰቀላል።

መስመሩ ራሱም ሊቋረጥ ይችላል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ፣ ጠያቂውም ተጠያቂውም አብረው ጠፍተዋል።

ለእኔ ከሁሉም የሚገርመኝ እድር ነው። አዋጅ 1113 እድርን አይመለከትም፤ ኦዲተር የሚልክበትም የለም። ቢሆንም አባሉ አንድ ብር ሲጎድል ያውቃል። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ መዋጮው በስልክ ይከፈላል፣ ስክሪንሾቱ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጠፋል። «ከፍያለሁ፣ አልከፈልክም» የሚለው ጭቅጭቅ ቀንሷል። አልጠፋም እንጂ፤ ስክሪንሾት በፎርጅድ ይሠራል። ስለዚህ ነቃ ያለች ገንዘብ ያዥ የአባሉን ስክሪንሾት አይታ አትመዘግብም፤ የእሷ ስልክ ላይ መልእክቱ እስኪገባ ትጠብቃለች።

ስማርት ስልክ የሌላቸው አዛውንት ደግሞ *127# ደውለው ይከፍላሉ። ይሄ ኢንተርኔት አይፈልግም። ግሩፑ ላይ የሚጻፈውን ግን አያዩም። ለእነሱ ሲባል የስብሰባ ቀን ደብተሩ ይወጣል፤ የከፈለውም ያልከፈለውም ስሙ እየተጠራ፣ ጮክ ተብሎ ይነበባል።