የቢ ሼንግ ተንቀሳቃሽ የሸክላ ፊደል ምንድን ነው?

እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው በሸክላ ተቀርጾና ተተኩሶ፣ አንድ ገጽ ካተመ በኋላ ተነቅሎ ለሌላ ገጽ የሚደረደርበት የኅትመት ዘዴ ነው። ቢ ሼንግ የተባለ ሹመት የሌለው ተራ ሰው በቻይና፣ በሶንግ ሥርወ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. ከ1041 እስከ 1048 ባለው ጊዜ ፈለሰፈው፤ በአውሮፓ በተንቀሳቃሽ ፊደል ማተምን ከጀመረው ከጀርመናዊው ጉተንበርግ 400 ዓመት ገደማ ቀድሞ መሆኑ ነው። አሠራሩን ጽፎ ያቆየልን በዚያው ዘመን የነበረው ሊቁ ሼን ኩዎ ነው።

ፊደሉ በለስላሳ ጭቃ ላይ ተገልብጦ ይቀረጽና በእሳት ይጠነክራል። በብረት ሰሌዳ ላይ የጥድ ሙጫ፣ ሰምና የወረቀት አመድ ተደባልቆ ይነጠፋል፤ የብረት ክፈፍ ይቀመጥበታል፤ ፊደሎቹ በክፈፉ ውስጥ ተጠጋግተው ይደረደራሉ። ከዚያ ሰሌዳው በእሳት ይሞቃል። ድብልቁ መቅለጥ ሲጀምር ፊደሎቹ ከላይ በጠፍጣፋ ጣውላ ይጫናሉ። የሥራው ልብ እዚህ ላይ ነው፤ ዝቅ ብሎ የቀረ ፊደል ቀለም አይደርሰውም፣ ከፍ ያለው ደግሞ ጎረቤቶቹ ወረቀቱን በደንብ እንዳይነኩ ያደርጋል። ድብልቁ ሲቀዘቅዝ ሁሉንም አጥብቆ ይይዛል። ኅትመቱ ሲያበቃ ሰሌዳው እንደገና ይሞቃል፤ ፊደሎቹም በእጅ ጠረግ ሲደረጉ ይረግፋሉ፣ ጭቅቅትም አይዙም።

ሰሌዳዎቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ሲያትም ሌላው ይደረደርበታል።

ለምን እንጨት አልሆነም? የእንጨት ጭረት ወጥ አይደለም፤ እርጥበት ሲነካው ያብጥና ገጹ ይወጣጣል፤ ሙጫውም ስለሚጣበቅበት በቀላሉ አይላቀቅም። ቢ ሼንግ ሸክላን የመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ከባዱ ነገር የፊደሉ ብዛት ነው። የግዕዝ ፊደል ከ200 በላይ ነው፤ የቻይና ፊደል ለቃሚ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ምልክቶች ያስፈልጉታል፣ ያውም እያንዳንዱን በብዙ ቅጂ። በአንድ ገጽ ላይ የሚደጋገሙት 20 እና ከዚያ በላይ ቅጂ ነበራቸው። ያልተዘጋጀ ብርቅ ፊደል ካጋጠመ እዚያው ተቀርጾ በጭድ እሳት ይተኮሳል። ፊደሎቹ በድምፃቸው ቤት አመታት ተመድበው፣ የወረቀት ምልክት ተለጥፎላቸው በእንጨት ሣጥን ይቀመጡ ነበር።

ሁለት ሦስት ቅጂ ለማተም ይህ ሁሉ ድካም አያዋጣም፤ ለመቶዎችና ለሺዎች ቅጂ ግን እጅግ ፈጣን እንደነበር ሼን ኩዎ ጽፏል። ያም ሆኖ ሙሉ ገጽ በአንድ ጣውላ ላይ የሚቀረጽበት የቀድሞው ዘዴ ለዘመናት የበላይ ሆኖ ቆየ። ጣውላው አንዴ ከተቀረጸ ተቀምጦ ፈላጊ በመጣ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ማተም ይቻላል፤ በተንቀሳቃሽ ፊደል ግን ገጹ ስለሚፈርስ እንደገና መደርደር ግድ ነው።

እንጨትን ወደ ሥራው የመለሰው ቻይናዊው ባለሥልጣን ዋንግ ጄን ነው። ሙጫውን ትቶ መስመሮቹን በቀርከሃ ስንጣቂ ለየ፣ ክፍተቱንም በእንጨት ሽብልቅ አጠበቀ። ፊደሎቹን በሚሽከረከሩ ክብ ጠረጴዛዎች ላይ ስላስቀመጠ ለቃሚው ተቀምጦ እያዞረ የሚፈልገውን ያነሳል። እ.ኤ.አ. በ1298 ከ60,000 በላይ ፊደል ያለውን የአንድ ወረዳ ታሪክ በ100 ቅጂ ያተመው አንድ ወር ሳይሞላ ነው።