ፕራይም ሪብ በቤት ኦቨን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዲሴምበር ብዙ የአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች ፕራይም ሪብን፣ ማለትም ሙሉ የበሬ ጎድን ሥጋን፣ በቅናሽ ይሸጣሉ። ጾመ ነቢያትን የሚጾመው ሐበሻም በቅናሹ ገዝቶ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጥና ለጃንዋሪ 7 ያወጣዋል። ብልህነት ነው፤ ብቻ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ መውረድ አለበት። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሥጋው ውድ ስለሆነ ሁሉም ሰው ምክር ያዋጣል፤ ከምክሩም ብዙው ሥጋውን የሚያደርቅ ነው።

«ፕራይም ከተባለ አንደኛ ደረጃ ነው»

አይደለም። ፕራይም ሪብ ማለት በሬው በአንድ ወገን ካሉት 13 ጎድኖች ከ6ኛው እስከ 12ኛው ያለው ክፍል ነው። ደረጃ የሚሰጠው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ነው፤ ፕራይም፣ ቾይስ፣ ሴሌክት እያለ። በቅናሽ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ቾይስ ነው፣ ለቤት ኦቨንም ይበቃል። ሥጋው መሃል እንደ ክር የተበተነ ነጭ ስብ ካለው ይውሰዱት። ስብ የሚወድ ቤተሰብ ወደ ትከሻው የቀረበውን፣ ቀይ ሥጋ የሚወድ ወደ ሽንጡ የቀረበውን ይጠይቅ።

«ሥጋ ሳይታጠብ አይሠራም»

ይህ ከአገር ይዘነው የመጣነው ልማድ ነው፤ ለአቧራና ለዝንብ ተጋልጦ ለዋለ ሥጋ ተገቢ ነበር። እዚህ በፕላስቲክ ታሽጎ የመጣውን ሥጋ ሲንክ ውስጥ ማጠብ ግን ጀርሙን በሲንኩና በአካባቢው ባለው ዕቃ ላይ ይረጨዋል እንጂ አያጠፋውም። የሚያጠፋው የኦቨኑ ሙቀት ነው። ደግሞም እርጥብ ሥጋ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ቡናማ አይሆንም። በወረቀት ፎጣ ጥሩ አድርጎ ማድረቅ በቂ ነው።

«ጨው ቀድሞ ከነካው ይደርቃል»

ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው። መነሻውም የሚገባ ነው፤ ቋንጣ በጨው ታሽቶ ሲደርቅ እያየን አድገናል። ነገር ግን ቋንጣ የሚደርቀው በቀጭኑ ተዘልዝሎ ቀናት ሙሉ አየር ላይ ስለሚሰቀል ነው። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ሙሉ ጎድን ሌላ ነገር ነው።

ጨው ሲነሰነስበት መጀመሪያ ውሃ ያወጣል፣ ላዩ ላይ ጠብታ ጠብታ ይታያል። ያ ውሃ ጨውን ያሟሟዋል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይገባል። የገባው ጨው የሥጋውን ፕሮቲን ስለሚያላላው ሲጠበስ ፈሳሹን ይበልጥ ይይዛል። ስለዚህ ለአንድ ኪሎ 10 ግራም ያህል ጨው በሁሉም ወገን ነስንሶ፣ ሳይሸፍኑ፣ በሽቦ መደርደሪያ ላይ አድርጎ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ነው። በማግስቱ ላዩ ጠቆር ብሎ፣ ሲነኩት ደረቅና ትንሽ ያዝ የሚያደርግ ሆኖ ያገኙታል። ይህ መበላሸት አይደለም፤ ቅርፊቱ እንዲያምር የሚፈለገው ይኸው ነው። ማሳደር ካልተቻለ ወደ ኦቨን ሲያስገቡት ጨው ማድረግ ይሻላል። ከግማሽ ሰዓት በፊት ጨው ማድረግ ግን ከሁሉም የባሰ ነው፤ ውሃው ወጥቶ ገና አልተመለሰም።

«ቅመሙ ውስጥ ድረስ እንዲገባ ይዘፍዘፍ»

ጠልቆ የሚገባው ጨው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ቁንዶ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠል ላዩ ላይ ይቀራሉ። በቢላ እየወጉ ነጭ ሽንኩርት መሰግሰግም ሥጋው ላይ ያለውን ጀርም ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። በርበሬና ሚጥሚጣ ደግሞ በኃይለኛ ሙቀት ያርሩና ይመራሉ። እኔ አዋዜውን ጠረጴዛ ላይ አቀርባለሁ፤ ሥጋው ላይ ጨውና ደቀቅ ያለ ቁንዶ በርበሬ ይበቃል።

«መጀመሪያ በኃይለኛ እሳት ካልተለበለበ ፈሳሹ ይወጣል»

ይህን አስተሳሰብ ያስፋፋው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ነው፤ በኋላ በሚዛን ሲፈተን ውድቅ ሆኗል። የተለበለበ ሥጋም ፈሳሹን ያፈሳል። ኃይለኛ እሳት የሚሰጠው ጣዕምና ቅርፊት ነው፣ እሱም መጨረሻ ላይ ቢመጣ ይሻላል። በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (250 ፋራናይት) ኦቨን ቀስ ብሎ ይብሰል፤ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ አራት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ ይውጣና ግማሽ ሰዓት ይረፍ። እንግዶቹ ሊቀመጡ ሲሉ በ260 ዲግሪ (500 ፋራናይት) ከ6 እስከ 10 ደቂቃ መልሰው ያስገቡት። ከጅምሩ በኃይለኛ እሳት የተጠበሰ ሲቆረጥ ዳር ዳሩ ግራጫ፣ መሃሉ ብቻ ቀይ ይሆናል። በዚህ መንገድ የተጠበሰው ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሮዝ ነው።

«ለአንድ ፓውንድ ይህን ያህል ደቂቃ»

ሰዓት አይታመንም። የሥጋው ውፍረትም የኦቨኑ ጠባይም ከቤት ቤት ይለያያል። ውስጡን የሚያሳውቀው አጥንት ሳይነካ መሃሉ ላይ የሚሰካ ቴርሞሜትር ነው፤ ዋጋውም ከሥጋው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ሮዝ ለሚወድ መጨረሻው ከ54 እስከ 57 ዲግሪ ነው። ከኦቨን ከወጣ በኋላም ሙቀቱ ስለሚጨምር ጥቂት ዲግሪ ሲቀረው ያውጡት። ከፍሪጅ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ለአንድ ሰዓት ማቆየትም የዚህን ያህል ትልቅ ሥጋ መሃል እምብዛም አያሞቀውም፤ ይለፉት።

«ቀዩ ደም ነው»

ደሙ በሬው ሲታረድ ወጥቷል። ሳህኑ ላይ የሚታየው ቀይ ፈሳሽ ውሃና ማዮግሎቢን የሚባል የጡንቻ ፕሮቲን ነው። ይህ ማለት ግን ሮዝ ሥጋ ለሁሉም ይሆናል ማለት አይደለም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለሙሉ ሥጋ 63 ዲግሪ (145 ፋራናይት) ደርሶ 3 ደቂቃ ማረፍ አለበት ይላል፤ የኮሶ ትልንም በዚያ ሙቀት መከላከል ይቻላል። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ ካለ ይህንን ቁጥር ይጠብቁ። ሁለቱ የዳር ቁርጦች ሁልጊዜ ይበልጥ የበሰሉ ናቸው፣ ለእነሱ ያስቀሩላቸው። ካልበቃም የተቆረጠውን ከትሪው በተረፈው መረቅ ውስጥ እየፈላ አንድ ሁለት ደቂቃ ማገላበጥ ነው፤ ሮዝነቱ ይጠፋል፣ ጣዕሙ ይቀራል። ሮዝ ሥጋ ዓይተው ፊታቸውን የሚያዞሩ እናትና አባትም እንዲህ ሆኖ ሲቀርብላቸው ይበሉታል።