ቲ ሴል አንቲጅንን የሚለየው እንዴት ነው?

«አንድ ቲ ሴል የሚያውቀው አንድ አንቲጅን ብቻ ነው፤ ልክ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር።» ሰሞኑን ይህንኑ ደግሜ አነበብኩ። (ቲ ሴል በሽታን የሚዋጋ ነጭ የደም ሴል ነው፤ አንቲጅን ደግሞ እሱ ለይቶ የሚያውቀው ነገር።) ጸሐፊው በዚህ ሳያበቃ፣ ቫይረሱ ትንሽ ከተቀየረ የድሮዎቹ ቲ ሴሎች ዋጋ የላቸውም ብሎ ደመደመ። ይሄ እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም።

ሲጀመር ቲ ሴል ቫይረሱን ራሱን አያየውም። የሚያየው ፔፕታይድ የተባለ የፕሮቲን ቁራጭ ነው፣ እሱንም ኤምኤችሲ የተባለ የራሳችን ሞለኪውል ይዞ ሲያቀርብለት። (የማወራው ስለተለመዱት አልፋ-ቤታ ቲ ሴሎች ነው፤ የጋማ-ዴልታዎቹ ነገር ሌላ ነው።) ተመራማሪዎቹ ዚንከርናጌልና ዶኸርቲ እ.ኤ.አ. በ1974 እንዳሳዩት፣ የአይጥ ቲ ሴሎች የሚያውቁት ቫይረስ ኤምኤችሲው በተለየ ሴል ውስጥ ሲሆን ያንን ሴል አይገድሉትም። በ1996 ኖቤል የተሸለሙት በዚሁ ሥራ ነው።

እንግዲህ ጓጉንቸር ከተባለ አይቀር፣ አካሉ የራሳችን ነው፤ የውጭው በውስጡ የገባችው ቁራጭ ብቻ ናት። የቁልፉ፣ ማለትም ቲ ሴሉ ቁራጯን የሚይዝበት ሪሴፕተር የተባለ ሞለኪውል፣ ጥርስም እሷን ሙሉ በሙሉ አይነካትም። ክፍል አንድ በተባለው የኤምኤችሲ ዓይነት ላይ የሚቀመጥ ፔፕታይድ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) አሉት። ጥቂቶቹ ኤምኤችሲው ውስጥ ተሰክተው ይደበቃሉ፣ የቲ ሴሉ ሪሴፕተር በዋናነት የሚዳስሰው ወደ ላይ ብቅ ያሉትን ነው። እነዚያ ከተመሳሰሉ ሌላው ቢለያይም ቁልፉ ሊዞር ይችላል።

ምን ያህል? እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ከአንድ የስኳር ሕመምተኛ የተገኘ አንድ ሪሴፕተር ከሚሊዮን በላይ ፔፕታይዶችን እንደሚለይ አሳየ። ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ያገኘውን ሁሉ ይይዛል» የሚልም አይጠፋም። አይይዝም! ከ20 አሚኖ አሲዶች ባለ 10 ሰንሰለት ሲሠራ ከ10 ትሪሊዮን በላይ ዓይነት ይወጣል። ሚሊዮኑ ከዚያ ውስጥ ከ10 ሚሊዮን አንድ ገደማ ነው። ብዙም ነው፣ እጅግ ጥቂትም ነው፤ ሁለቱም እውነት ናቸው።

ኦሚክሮን የተባለው የኮሮና ቫይረስ ዝርያ በመጣ ጊዜ ከብዙ አንቲቦዲ (ቫይረሱን ራሱን ከሚይዝ የመከላከያ ፕሮቲን) ሲያመልጥ የቲ ሴል ምላሽ ግን በአብዛኛው ሰው ላይ ጸንቶ ቆይቷል። ዋናው ምክንያት አብዛኞቹ ቁራጮች ሳይለወጡ መቅረታቸው ነው እንጂ ቲ ሴሉ ሁሉን አወቅ ስለሆነ አይደለም።

የአንድ ለአንድ እምነት ሰው ላይ ሲደርስ አደጋ አለው። ማጌ-ኤ3 የተባለውን የካንሰር ፕሮቲን አጥብቆ እንዲይዝ በላብራቶሪ የተሻሻለ ሪሴፕተር የተገጠመላቸው ቲ ሴሎች ለሁለት ሕመምተኞች ተሰጡ፤ ሁለቱም በልብ ጉዳት ሞቱ። ሪሴፕተሩ የልብ ጡንቻ ውስጥ ካለው ታይቲን የተባለ ፕሮቲን የወጣ ቁራጭንም ይይዝ ነበር። ሁለቱ ቁራጮች ከ9 አሚኖ አሲዶች የሚጋሩት 5 ብቻ ነው። ተራ የልብ ሴሎች ላይ ሲሞከር ምንም አልታየም፣ የታየው ከግንድ ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ ከሚችል ሴል) ተሠርተው በሚመቱ የልብ ሴሎች ላይ ነው። ለዚህ ነው አዲስ ሪሴፕተር የሚያወጣ ሰው የፔፕታይዱን አሚኖ አሲዶች ተራ በተራ እየቀየረ የትኞቹን እንደሚዳስስ መለየት፣ ከዚያም የሰውን ፕሮቲኖች በሙሉ መፈተሽ ያለበት።