ፓርኪንሰን ድምፅን ሲያሰልል

ፓርኪንሰን ሲባል ቶሎ የሚታወሰን የእጅ መንቀጥቀጥ ነው። ድምፅ ብዙም አይነሳም። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ግን እ.ኤ.አ. በ1817 ስለ በሽታው ሲጽፍ የሕመምተኞቹ ንግግር ለመስማት እንደሚያስቸግር አስፍሯል።

በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን፣ እንቅስቃሴን የሚያግዝ ኬሚካል የሚያመነጩ ሕዋሳት ሲሞቱ እንቅስቃሴ ሁሉ ያንሳል። እርምጃ ያጥራል፣ የእጅ ጽሑፍ ይደቅቃል። ድምፅም እንዲሁ ነው። የደረት ጡንቻ ስለሚገተር ትንፋሽ ያጥራል፤ የድምፅ አውታሮችም በደንብ አይገጥሙም። ድምፁ ይሰልላል፣ ይሻክራል፣ ከፍ ዝቅ ማለቱንም ይተዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሰውየው ራሱ ለውጡን አለማወቁ ነው። "ምን አልክ?" ሲሉት ጆሯቸው የደከመ ይመስለዋል። ለሌላው በሚሰማ ልክ ሲያወራ ደግሞ የጮኸ ይመስለውና ያፍራል። ቀስ በቀስ ስልክ ማንሳት ይተዋል፣ ሰው በተሰበሰበበት ዝም ይላል። ፊቱም ስሜት ስለማያሳይ ቤተሰቡ ያኮረፈ ይመስለዋል። አላኮረፈም! ይህን ማወቅ ብቻውን ብዙ ቅያሜ ያስቀራል።

ዋናው የፓርኪንሰን መድኃኒት ሌቮዶፓ ለእጅና ለእግር የሚያግዘውን ያህል ለድምፅ አያግዝም። ስለዚህ የንግግር ሕክምና ያስፈልጋል። በሰፊው የሚታወቀው የሊ ሲልቨርማን የድምፅ ሕክምና ነው፦ በሳምንት 4 ቀን፣ ለ4 ሳምንታት፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት። ዋናው ትእዛዝ አንድ ነው፤ ጮክ ብሎ መናገር። ሌላው ይህን ይከተላል፤ አፍ ይከፈታል፣ ቃሉም ይጠራል።

መዝፈንም እዚህ ጋ ይመጣል። ዘፈን ረጅም ትንፋሽ ይፈልጋል፣ ድምፅን ያወጣል፣ ያወርዳል። ምቱም ከውጭ ሆኖ ይመራል፤ ሲያወሩ የሚደነቃቀፉ አንዳንድ ሰዎች ሲዘፍኑ ቃሉ ይፈስላቸዋል። በተለያዩ አገሮች የፓርኪንሰን ሕመምተኞች ብቻ የሚዘፍኑባቸው ቡድኖች አሉ። መዝፈን የትንፋሽ ጡንቻን እንደሚያጠነክር የሚያሳዩ ጥናቶችም ወጥተዋል። በሽታውን አያቆመውም፤ የንግግር ሕክምናንም አይተካም። ግን ዝም ብሎ የከረመ ሰው ከሌሎች ጋር ድምፁን ሲያወጣ ማየት፣ እውነት ለመናገር፣ ልብ ይነካል።

ድሮ ዘፋኝ ለነበረ ሰው ነገሩ መራራ ነው። የለመደው ከፍታ እምቢ ይለዋል። ያኔ ዘፈኑን ዝቅ አድርጎ መጀመር፣ ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታ ማብዛት፣ ልምምዱንም መድኃኒቱ በደንብ በሚሠራበት ሰዓት ማድረግ ይረዳል። ምግብ ሲዋጥ ትን ማለት ከጀመረ ግን ለሐኪም መንገር ነው፤ ለመዋጥም የሚሠሩት እነዚያው ጡንቻዎች ናቸው።